ትከሻሽን አውርጂ

ውዴ እንዴት ነሽልኝ? ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን እንተወው፣ ያው ሁለታችንም ጠፍተናል። ሰሞኑን እህትሽን ገበያ አግኝቻት "አለቃዋ ስሟን በጠራ ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል" ስትለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ እንደምታውቂው ካሸር ነኝ፣ ሰው መስኮቱ ጋ መጥቶ ሲጮህብኝ ነው የምውለው። "ተረጋጊ" የሚሉት ነገር ደሞ ጭራሽ ያናድዳል፣ በዛ ሰዓት ጭንቅላት የታዘዘውን አይሰማማ! ገላ ግን ይሰማል። አሁን ይሄን ስታነቢ ትከሻሽ የት ነው ያለው? ጆሮሽ ስር ነው አይደል? ጥርስሽንም ነክሰሻል።

ይሄን ያሳየኝ ማን መሰለሽ፣ የጀልባ ነጂ። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ስንመለስ መሸብን፣ ጣናን ታውቂው የለ፣ ጠዋት ዝም ይልና ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ነው። መሃል ስንደርስ ሞገዱ ከጎን መታን፣ ሴቶቹ "ኪዳነ ምሕረት!" ይላሉ፣ እኔ የጀልባውን ጠርዝ አንቄ ይዤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። የጣና ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው ይባላል፣ ዋና ለማይችል ሰው ግን 14ም 140ም ያው ነው። ሰውዬውን ዞር ብዬ ሳየው የሞተሩን እጀታ ላላ አርጎ ይዞ፣ ትከሻው ወርዶ፣ ኡፍ እያለ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። "እህቴ ወገብሽን ለቀቅ አርጊው፣ ከደረቅሽ እኮ ነው የሚጥልሽ" አለኝ። ለቀቅኩት። ሞገዱ እንዳለ ነው፣ ሆዴ ውስጥ የተቋጠረው ግን ተፈታ።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ስንደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል ጡንቻ ይወጠራል፣ ለመሮጥ ወይ ለመማታት ነው እንግዲህ። አለቃሽን አትመቺው፣ ከቢሮም አትሮጪ፣ ስለዚህ ሁሉም ትከሻሽ ላይ ይቀራል ሃሃ። አየር ስትስቢ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስታወጪ ቀስ ይላል፣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ሥራ ነው። ስለዚህ "በደንብ ሳቢ" የሚሉሽን ተያቸው፣ ዋናው ማውጣቱ ነው። በአፍንጫሽ ሁለቴ ሳብ ሳብ፣ ከዛ በአፍሽ እስኪያልቅ ቀስ ብለሽ አውጪው። ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ደሞ በፈረንጆቹ 1929 ባሳተመው መጽሐፍ ጡንቻን መጀመሪያ ወጥሮ ከዛ መልቀቅን ያስተምራል፣ አንቺም ጠረጴዛ ስር እጅሽን ጭብጥ አርገሽ ልቀቂው፣ ማንም አያይሽም።

ስትደነግጪ ብቻ ከሞከርሽው ግን እሺ አይልሽም። እኔ ማታ ማታ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነው የምለማመደው፣ በ2016 የተመረቀው፣ 380 ሜትር ነው፣ ለእግር ጉዞ አሪፍ ነው ፎቶ ተነሺው ካሳለፈሽ። ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ትከሻዬን አወርዳለሁ፣ ክላክስ ደሞ መቼም አይጠፋም። አንዳንዴ ምንም አይሠራም፣ ያኔ ውሃ ጠጥቼ እቀጥላለሁ። ዝም ብለሽ በተቀመጥሽበት ልብሽ የሚመታ ከሆነ ወይ ደረትሽን ካመመሽ ግን ሐኪም ይይሽ፣ በትንፋሽ ብቻ አትሸፋፍኚው።

ለጥምቀት ትመጫለሽ አይደል? ዘጌ እንሄዳለን፣ ጠዋት ግን፣ ከሰዓት ብትለምኚኝም አልሄድም። እስከዛ የዘጌ ቡና በአውቶብስ እልክልሻለሁ፣ ሰፈር ከቀየርሽ ንገሪኝ። እሁድ ደውዪ፣ ቴሌግራም ላይ የስምንት ደቂቃ ቮይስ እንዳትልኪብኝ ብቻ!