ጎጃም ሜዳ ነው ብሎ የጻፈው ሰው በየት በኩል ነው የገባው?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እሁድ ስለ ዓለት መውጣት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ፣ ሰውም ከየአቅጣጫው "አየሽው ወይ?" እያለ ልኮልኛል። አይቼዋለሁ። ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ ሙሉ ገጽ መውጣቱ ጥሩ ነው፣ ስለ ገርአልታ የተጻፈውም ትክክል ነው፣ ኦሎምፒክ የገባው ቶኪዮ ላይ ነው የተባለውም ትክክል ነው፣ እነሱን አልነካም። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የነሳችኝ ወደ መጨረሻው ያለችው አንዷ ዓረፍተ ነገር ናት፣ ከአዲስ አበባ በሥራ ወደ ጎጃም የተዛወሩ ወጣቶች "መሬቱ ሜዳ በመሆኑና አብሯቸው የሚወጣ ሰው ባለመኖሩ" ስፖርቱን ለማቆም ተገደዋል የምትለው። ከሷ ስር ደሞ ፍኖተ ሰላም ተመድቦ ሄዶ ጫማውንና ሃርነሱን (ገመዱ የሚታሰርበትን የወገብና የጭን ማሰሪያ) የሸጠ ልጅ ታሪክ አለ።

ሜዳ? ጸሐፊው በየት በኩል ነው ጎጃም የገባው? ከአዲስ አበባ በዋናው መንገድ የመጣ ሰው እኮ ጎሐ ጽዮን ላይ ደርሶ መውረድ ይጀምራል፣ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የዓባይን ድልድይ ይሻገራል፣ ከዛ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወጥቶ ነው ደጀን የሚገባው፣ ጆሮው ይደፈናል፣ የመኪናው ፍሬን ይሸታል፣ በግራም በቀኝም ከመስኮቱ የሚታየው የተቆረጠ ዓለት ነው። እዚህ ውስጥ አልፎ ሜዳ ነው ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም። ስለዚህ ጸሐፊው አልመጣም። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው፣ ይህን በግልጽ እንድትነግሩን እፈልጋለሁ።

እርግጥ ደጀንን አልፎ ወደ ማርቆስ ሲመጡ፣ ወደ ቢቸናም ሲሄዱ ሜዳ አለ፣ ጤፉ እስከ ዓይን መጨረሻ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ያ ሜዳ ጫፍ አለው። ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ ይዞ፣ በደቡብ ዞሮ፣ በምዕራብ ነው የሚሄደው። ከሜዳው ተነስታችሁ ወደ ሦስቱም አቅጣጫ ብትሄዱ መጨረሻችሁ ገደል አፋፍ ነው። ይህን የሚያውቀው ጂኦግራፊ ያጠና ሰው ብቻ አይደለም፣ ከብት የሚጠብቅ ሕፃን ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ጥጃው የሚወድቅበት እዛ ነው።

ዓለቱ ደሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ከኛ ጋር የሚወጣ ባሕር ዳር ጂኦሎጂ የተማረ ልጅ አለ፣ መጀመሪያ አብረን ስንወርድ መንገዱን ሁሉ እያስቆመኝ ነው ያሳየኝ። ከላይ አፋፉ ላይ ያለው ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ የዛሬ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ፈሶ የረጋ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ምሰሶ ተደርድሮ የቆመ፣ በምሰሶዎቹ መሃል ያለው ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ከሱ ዝቅ ሲባል የላይኛው አሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ይመጣል፣ ይሄ የጭቃው ለኛ የማይረባ ነው፣ በእጅ ይፈርሳል። ከዛ ወፍራሙ የኖራ ድንጋይ፣ ከዛ ጂፕሰምና ሼል የሚባለው ስስ ድርብርብ ድንጋይ፣ እሱንም መንካት የለም፣ ከዛ ወደ ወንዙ ሲጠጉ የታችኛው አሸዋ ድንጋይ። ይሄ የታችኛው አሸዋ ድንጋይ በጂኦሎጂ መጻሕፍት የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ዘገባችሁ የትግራይን አሸዋ ድንጋይ ግማሽ ገጽ አድንቆ ስሙን ከአዲግራት የወሰደው ንብርብር ዓባይ ሥር እንዳለ አንድ ቃል አላነሳም፣ ጭራሽ ሜዳ ነው አለ!

ሁሉም ይወጣበታል አላልኩም። ብዙው ልቅ ነው፣ የላላ ድንጋይ አለ፣ በየክረምቱ መንገዱ ላይ የሚናደውን ሹፌር ጠይቁ። አሸዋ ድንጋይ ደሞ ውሃ ከጠጣ ጥንካሬው ስለሚቀንስ ዝናብ ከጣለ በኋላ ደህና አድርጎ እስኪደርቅ መተው ነው፣ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝም ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ደሞ ታች ያለው ሙቀት አያስቆምም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው ጊዜው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴው አጠገብ ዓለት አለ ብሎ የሚመጣም አይምጣ፣ እርጥብ ነው፣ ያዳልጣል። ጮቄ ለእግር ጉዞ ነው። እንዲህ ለይቶ መጻፍ ይቻል ነበር፣ አንድ ስልክ ቢደወል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልምጣ፣ "አብሯቸው የሚወጣ ሰው ባለመኖሩ"። ይሄ ነው ይበልጥ ያመመኝ፣ ምክንያቱም ድንጋዩን ጋዜጣ ቢክደው ድንጋዩ ምን ይሆናል፣ ሰው ግን ያነባል።

ወደ ደብረ ማርቆስ በዝውውር ስመጣ አዲስ አበባ አብረውኝ ይወጡ ከነበሩት ልጆች አንዱ ገመድሽን ሽጪልን አለኝ፣ እዛ ምን ያደርግልሻል ብሎ። ልክ እንደናንተ ጸሐፊ። አልሸጥኩም። ግን ዓለት መውጣት ሩጫ አይደለም፣ ሩጫ ጫማሽን አስረሽ ትወጫለሽ፣ ይሄኛው ከታች ገመዱን የሚይዝልሽ ሰው ከሌለ የለም፣ ያ ሰው ደሞ እጁን ከገመዱ ላይ ለአፍታ ቢያነሳ አንቺ የለሽም። ስለዚህ አዲስ ከተማ ላይ የሚፈለገው ጓደኛ ዝም ብሎ ስፖርት የሚወድ ሰው አይደለም፣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ጂም ሄጄ ጠየቅኩ፣ ጡንቻ አለ ግን ፑልአፕ ሠርቶ ፎቶ መነሳት ነው የሚፈልጉት፣ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ቋጠሮ የሚማር አላገኘሁም።

ያገኘሁት ፈጽሞ ባልጠበቅኩት ቦታ ነው። የሞባይል ታወር ላይ እየወጣ የሚጠግን ቴክኒሺያን። ከታች ቆሜ ሲወጣ አየሁት፣ ሁለት መንጠቆ አለው፣ አንዱን ሳይሰካ ሌላውን አይነቅልም፣ ማንም እያየው አይደለም፣ አለቃው የለም፣ እሱ ግን አንዴም አላጭበረበረም። እስኪወርድ ጠበቅኩና "ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ድንጋይ ላይ መውጣት ትፈልጋለህ?" አልኩት። ያበደች መስሎት ነበር መሰለኝ ግን ስልኬን ተቀበለ። የሱ ሃርነስ የሥራ ነው፣ ጀርባ ላይ ነው ቀለበቱ፣ ገመዱም የማይለጠጥ ዓይነት ነው፣ የኛ ደሞ ሲወድቁበት ተለጥጦ ምቱን የሚያበርድ መሆን አለበት፣ ይሄን ልዩነት ማስረዳት ብቻ ነበር የቀረኝ። ጥንቃቄውን ግን እኔ አላስተማርኩትም፣ ይዞት ነው የመጣው። አሁን እሱ ከታች ገመዱን ይዞልኝ ስወጣ አዲስ አበባ ካሉት ከማንኛቸውም ይበልጥ አምነዋለሁ።

እሱ ሌላ ታወር የሚወጣ ጓደኛውን አመጣ፣ ጓደኛው ነርስ የሆነች እህቱን አመጣ (ነርስ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ገደል ሥር ሆኖ ያሰበ ያውቀዋል)፣ የጂኦሎጂውን ልጅ በሷ በኩል ነው ያወቅነው። እኛን ነው እንግዲህ ጋዜጣችሁ "የለም" ያለው።

ደሞ ሌላም ሰው አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ የሚያርሱ አንድ አባት አሉ፣ መጀመሪያ ገመድ ይዘን ስንዞር አይተው "ልጄ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው ገደል ለገደል የምትዞሪው?" አሉኝ። በግ የጠፋብን መስሏቸው። አስረዳኋቸው፣ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አልገባቸውም፣ ግን ልጃቸውን አብሮን ላኩ፣ ልጁ የትኛው መውረጃ በክረምት እንደተናደ፣ የቱ ጋ ንብ እንዳለ፣ የቱ ጋ አሞራ እንቁላል እንደጣለ ያውቃል። የንቡን ነገር በቀላሉ እንዳታዩት፣ ግድግዳ መሃል ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ንብ የተነሳበት ሰው መሮጫ የለውም። እሳቸው ናቸው ደሞ የትኛው ዋሻ ውስጥ ባሕታዊ እንዳሉ፣ የትኛው ጸበል እንደሆነ የነገሩን። ጎጃም ውስጥ ገደል ሁሉ ባዶ አይደለም፣ የሚጸለይበት ቦታ ላይ ገመድ አይጣልም፣ ቢፈቅዱም አይጣልም። ቀበሌም ሄደን አሳውቀናል። ይሄን ሁሉ የሚነግር ካርታ የለም፣ ሰው ነው የሚነግርሽ፣ ጸሐፊው የለም ያለው ሰው።

አከራዬ እትዬም እስከዛሬ በወጣሁ ቁጥር እመቤቴ ትከተልሽ ብለው ይሸኙኛል፣ እስክመለስም እራት አይበሉም። መሥሪያ ቤት ያሉት ደሞ "ደመወዝሽ አልበቃ ብሎሽ ነው ነፍስሽን የምትሸጪው?" ይሉኛል። ታግሼዋለሁ። ግን ስፖርቱን ያውቃል ብዬ የማስበው ጋዜጣ ሲጨምርበት አልታገስም።

የመንገዱን ነገር ደሞ ልበል፣ እሱ እውነት ነውና። ከ2015 ማለቂያ ጀምሮ እዚህ መንገድ እንደልብ አይደለም፣ ሳምንታት ሙሉ ከከተማ የማንወጣበት ጊዜ አለ፣ ኢንተርኔት የሌለበትም ጊዜ ነበር። ዘገባው ወጣቶች ስፖርቱን ያቆሙት በዚህ ነው ቢል አንድ ቃል አልናገርም ነበር፣ እኛም ለብዙ ጊዜ አቁመናል። በዛ ጊዜ ምን አደረግን መሰላችሁ፣ ከከተማው ሳንርቅ ወንዝ ዳር ያሉ የባዛልት ቋጥኞች ላይ ያለገመድ ዝቅ ዝቅ ብለን ቦልደሪንግ ሠራን፣ ከታች የአረፋ ፍራሽ አንጥፈን፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እጁን ዘርግቶ ጭንቅላቱን እየጠበቀለት። ይሄም ታሪክ ነበር። ጸሐፊው ግን ትልቁን ምክንያት ዘሎ የሌለ ምክንያት ጻፈ፣ የሌለው ምክንያት መሬቱንና ሰዉን ነው የሚወቅሰው፣ ምን አደረግናችሁ?

እኔን በግል የሚያበግነኝን ልንገራችሁ። ዘገባው ከመውጣቱ በፊት ቴሌግራም ላይ "ከአዲስ አበባ ውጭ የምትወጡ ካላችሁ አናግሩን" ተብሎ ተጠይቆ ነበር። ጻፍኩ። ፎቶ ላክሁ፣ ገመዱ ከላይ እንዴት ከሁለት የተለያየ ቦታ እንደሚታሰር የሚያሳይ ፎቶ ጭምር፣ የነርሷን ስልክ በፈቃዷ ሰጠሁ፣ "እንደውልልሻለን" ተባልኩ። ማንም አልደወለም። እሷም ጋ አልደወለም። ከዛ ጋዜጣው ወጣ፣ ሰው የለም ይላል። ጠይቃችሁ፣ መልስ አግኝታችሁ፣ የለም ብሎ መጻፍ ምን ይባላል? ባትጠይቁን ኖሮ አላወቁም እል ነበር።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዛው የፊደል መጠን። በእርማቱ ውስጥ የኛ ስም እንዲጠራ አልፈልግም፣ ጎጃም ለዓለት መውጣት የሚሆን መሬት እንዳለው፣ የሚወጡ ሰዎችም እንዳሉ፣ ወቅቱ መቼ እንደሆነ፣ ወደ አፋፉ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የአካባቢውን ሰው ማነጋገር እንዳለበት ብትጽፉ ይበቃኛል። ቦታዎቹን በስም አልጠቀስኩም፣ ሆን ብዬ ነው፣ ጋዜጣ አንብቦ የናይለን ገመድ ከገበያ ገዝቶ የሚመጣ ልጅ እንዳይኖር። በአካል የመጣን ሰው ግን ቋጠሮውን አይተን፣ አሳይተን፣ ይዘነው እንሄዳለን።

አንድ ሌላ ነገር። ፍኖተ ሰላም ያለው ልጅ፣ ጫማውን የሸጠው፣ ስልኩ እናንተ ጋ አለ። የኔን ቁጥር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፣ አታትሙት፣ ለሱ ስጡልኝ። ከሱ እስከ ማርቆስ ዘጠና ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መንገድ ክፍት በሆነ ቀን ጠዋት ተነስቶ ይደርሳል። ሃርነስ ትርፍ አለን። የጫማ ቁጥሩን ይንገረን፣ የቴክኒሺያኑ አርባ ሁለት ነው፣ ከሆነው ተራ በተራ ያደርጉታል። ጥቅምት ሳይገባ ንገሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደብረ ማርቆስ