ከሽልማቱ ይልቅ ሒሳቡ ይጻፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ፊልም ሠሪው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ሲጻፍ ከቬኒስና ከፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫሎች ያገኟቸው ሽልማቶች አይቀሩም። ይገባቸዋል። በራሱ አቅም ፊልም ለመሥራት ለሚነሳ ዳይሬክተር የሚጠቅመው ግን የወጪና የገቢ ሒሳቡ ነው።

ፊልማቸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1974 በሁለት ሳምንት ገደማ የተቀረጸ፣ 150 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ጥቁርና ነጭ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ነው። ባለ 400 ጫማ የፊልም ጥቅል በሰከንድ 24 ምስል ሲሮጥ 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። እያንዳንዱን ትዕይንት ሦስት ጊዜ ልቅረጽ የሚል ሰው ለዚህ ርዝመት ከ40 ጥቅል በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ልምምዱ ካሜራው ሳይነሳ ማለቅ አለበት። ፊልሙ ሩቅ ቦታ የሚታጠብ ከሆነማ፣ ካሜራው ውስጥ የገባ አቧራ የጫረው መስመር የሚታየው ተዋናዩ ከተበተነ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ማከፋፈሉ ነው። «ሳንኮፋ» የተሰኘው ፊልማቸው (እ.ኤ.አ. 1993) አከፋፋይ ሲያጣ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ አሳዩት። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ የአዳራሹ ኪራይ ቁርጥ ነው፣ የትኬቱ ገቢ የፊልም ሠሪው ነው፣ ባዶ የቀረው ወንበር ኪሳራም የእሱ ነው። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ያላቸውን ሁሉ ቀረጻው ላይ ጨርሰው ለኪራይና ለፖስተር ምንም አያስቀሩም። እሳቸው ግን ዋሽንግተን ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ለረጅም ዓመታት ካስተማሩበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር እስከ መክፈት ደርሰዋል።

በሚቀጥለው ቃለ መጠይቃችሁ ስለ አዳራሽ ኪራይ ውሉ ብትጠይቋቸው?

አንድ አንባቢ