ሚዛኑ ጨመረ ብላችሁ ብረቱን አትተዉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሴቶችና ክብደት ማንሳት ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ብዙዎችን በመጀመሪያው ወር የሚያስቆመውን ነገር ግን ዘሎታል። ሚዛን ላይ ሲወጡ 1 ወይም 2 ኪሎ ጨምረው ያገኙታል፤ «ወፈርኩ» ብለው ይተዉታል። ይህ በአብዛኛው ስብ አይደለም። ሥራ የለመደ ጡንቻ ግላይኮጅን የተባለውን ስኳር ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይገባል። የወር አበባ ሲቃረብም ሰውነት ውኃ ይቋጥራል። ስለዚህ ከሚዛኑ ይልቅ ወገብን በየ2 ሳምንቱ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ ሜትሩን እምብርት ላይ አዙሮ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ መለካት ይሻላል። ሆድን መሳብ ራስን ማታለል ነው!

«እንደ ወንድ እፈረጥማለሁ» የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም፤ ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ በሴት ከወንድ በብዙ እጥፍ ያንሳል። በ1 ኪሎ ዳምቤል (በእጅ የሚያዝ ክብደት) 40 ጊዜ መወዛወዝ ትርፉ ላብ ነው። ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚነሳ ክብደት መርጦ 3 ዙር መሥራት፤ በየዙሩ መጨረሻ ሌላ 2 ጊዜ የሚያስነሳ ጉልበት ብቻ ይትረፍ። ሦስቱም ዙር ጀርባ ሳይጎብጥ 12 ሲሞሉ ለእግር 2.5፣ ለክንድ 1 ኪሎ ይጨመራል።

ፕሮቲን በቀን በሰውነት ኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል፤ 60 ኪሎ ለምትመዝን 96 ግራም፣ በ3 ወይም 4 ማዕድ ተከፍሎ። ምግብ እየቀነሱ ክብደት ማንሳትን ማብዛት ግን አደገኛ ነው፦ እርግዝና ሳይኖር የወር አበባ 3 ወር ከቀረ አጥንትም እየሳሳ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።