የኬሚስትሪ ክበብ፦ ቆርኪ የቆጠርንበት ዓመት

"እናንተ ክበብ ቆርኪ ትለቅማላችሁ አሉ!" የሚለውን ቀልድ ዘንድሮ ስንቴ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አዎ፣ ለቅመናል። የሞለኪውል ሞዴል የለንም። ነጩን ቆርኪ ሃይድሮጅን፣ ቀዩን ኦክስጅን አልነው፤ ሥራውን ይሠራል።

ስብሰባችን ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ሊቀመንበር ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ ሁለት የጥያቄና መልስ ውድድር ተካሄደ። ይኸው ነው።

አንዱን ሐሙስ ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። የውሃን ኢኩዌሽን እያመጣጠንን ነበር። በግራ ሁለት ነጭ፣ ሁለት ቀይ። በቀኝ አንድ ውሃ፦ ሁለት ነጭ፣ አንድ ቀይ። አንዲት ቀይ ቆርኪ ተረፈች። አንዱ ልጅ ፈጠን ብሎ ውሃዋ ላይ ለጠፋትና "ባላንስ ሆነ!" አለ። ቆጠራው እውነትም ልክ ነው።

"ይሄማ ውሃ አይደለም" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ዓመቱን ሙሉ ስትናገር ሰምቻት የማላውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አልተሳሳተችም፤ ልጁ የሠራው ቁስል የሚጸዳበትን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። ተነስታ መጣች። ቀይዋን ነቀለቻት። ከካርቶኑ ሌላ ሁለት ነጭ አውጥታ ሁለተኛ ውሃ ሠራች። 2 የሃይድሮጅን ሞለኪውል፣ 1 የኦክስጅን ሞለኪውል፣ 2 ውሃ። የተረፈ ቆርኪ የለም።

እኔ "H₂O ላይ ታች ያለችውን ትንሿን ቁጥር እንዳትነኩ፣ ከፊት ብቻ ጨምሩ" እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ምክንያቱን ግን፣ ማለትም ትንሿ ቁጥር ከተነካች ቁሱ ራሱ ሌላ እንደሚሆን፣ እንደሷ አሳይቼ አላውቅም። አሁን ለአዲስ ገቢዎች ቆርኪ የምታከፋፍለው እሷ ናት።

ያልተሳካልንም አለ። ማግኒዥየም አቃጥለን መዘንን። 24 ግራም ማግኒዥየም ከ16 ግራም ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ 40 ግራም ስለሚሆን፣ አመዱ መክበድ ነበረበት። የኛ ቀለለ። ለካ በኖ የሄደው ነጭ ጭስ ራሱ የምንፈልገው ማግኒዥየም ኦክሳይድ ነው፤ ክዳን አልነበረንም። "ቲቸር፣ ቁስ አይጠፋም ብለውን አልነበር?" አለኝ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ አንጀቴ እያረረ።

ሚዛኗም ብትሆን አንዱን ዕቃ ሁለቴ ሲመዝኑባት ሁለት ቁጥር ትሰጣለች። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይዚዬ እንኳ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቁስ አይጠፋም ያለው ደህና ሚዛን ይዞ ነው። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ ክዳን ያለው ክሩሲብል (እሳት የሚችል የማቃጠያ ዕቃ) እና ቁጥሩ የሚታመን አንድ ሚዛን። ቆርኪውን እኛ እንለቅማለን።