የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የፊልም ክበባችን በ2017 የትምህርት ዘመን ትኩረቱን በድምፅ ላይ አድርጎ ሠርቷል። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም፤ ያለፈው ዓመት ፊልማችን በወላጆች በዓል ሲታይ ከኋላ የተቀመጡት እንግዶች «ምን አለች?» እየተባባሉ ሲጠያየቁ ነበር። ሳምንታዊ ስብሰባዎች እንደ ወትሮው ተካሂደዋል፤ የሥራ አስፈጻሚዎች ተመርጠዋል፤ ድርሰቱም በድምፅ ብልጫ ጸድቋል።

ትምህርት ቤታችን ያለበትን፣ በአዲስ አበባ ዳር የሚገኘውን ቱሉ ዲምቱን ለሚያውቅ ሰው ከግቢ ወጥቶ ንግግር መቅዳት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በአንድ በኩል ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ፣ በሌላ በኩል የማያባራው ግንባታ፣ በመካከል ባጃጁና ቆራሌው አለ። ክፍት በሆነ ቦታ ማይክሮፎኑ ከተናጋሪው ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ንግግር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ የመንገዱ ጩኸት ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ አባሎቻችን ማይክሮፎኑን በሽመል ጫፍ አስረው፣ ከምስሉ ክልል ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ወደ ተዋናዩ ደረት አዘንብለው መያዝን ተለማመዱ። ክበቡ ተማሪ ያዘናጋል የሚሉ ወገኖች ይህ የፊዚክስ ትምህርት መሆኑን ልብ ቢሉልን ደስ ይለናል። ለነፋሱም በመጀመሪያ የበግ አጎዛ ሞክረን፣ ቆዳው ንግግሩን ስላፈነው፣ ጀርባው ስስ ጨርቅ በሆነ ጠጉራም የካፖርት አንገትጌ ተክተነዋል።

በየካቲት ወር፣ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ወዳለው ባሕር ዛፍ የወጣንበትን ቅዳሜ ግን በዝርዝር ልጽፈው እወዳለሁ። ትዕይንቱ ልጇን የምትሸኝ እናት ነበረች። የጆሮ ማዳመጫውን ያደረገችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። እናትን የምትጫወተው ተማሪ እንባዋ እየወረደ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ስናይ፣ ይህች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ወፍጮ እየሠራ ነው» አለች። ማናችንም አልሰማንም ነበር። ማዳመጫውን ተቀብዬ ሳዳምጥ ግን ከእናትየው ቃል ሥር የማያቋርጥ እርግርግታ ነበረበት፤ ጆሯችን የለመደውን ማይክሮፎኑ አልለመደውም። ልጅ ሆኖ የሚተውነው ተማሪ «እንደዚህ አድርገን ደግመን አንሠራውም!» ብሎ ተቆጣ። እርሷ ሳትመልስለት ዘንጉን ይዛ እያዳመጠች ዞረች፤ ጎርፍ የቦረቦረው ዝቅ ያለ ቦታ ስትደርስ ቆመች፤ ተዋንያኑም ወደዚያ ወርደው፣ አፈሩ ከለላ ሆኖ፣ የማይክሮፎኑ ጀርባ ወደ ወፍጮው ዞሮ፣ ትዕይንቱ እንደገና ተቀረጸ። በዚህኛው ቅጂ እናትየው «ደኅና ሁን» ከማለቷ በፊት የሳበችው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ተዋንያኑ ሊበተኑ ሲሉም በቅንብር ጊዜ ቅጂዎቹ ተቆርጠው የሚጋጠሙበትን ቦታ የሚሸፍን የቦታውን ድምፅ ለመቅዳት ሁሉንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ዝም አሰኘችን።

ያልተሳካም አለ። የወንዙ ትዕይንት የሚቀዳበት ስልክ ተደውሎለት ቀረጻው ተቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህ የስልክ መስመር ሳይዘጋ ቀረጻ አይጀመርም። የገበያው ትዕይንት ንግግርም በቤተ መጻሕፍት እንደገና በመቀዳቱ ገበያ ሳይሆን ክፍል ክፍል ይላል።

ለስፖርት ክበብ አዲስ ኳሶች ሲገዙ ከልብ አጨብጭበናል። የእኛ ማይክሮፎን ግን ሠርግ ከሚቀርጹ የአንድ አባላችን አጎት የተዋስነው ነው፤ ጥር ወርን ሙሉ ባዶ እጃችንን የቆየነውም ሠርግ ስለበዛ ነው። ለቀጣዩ ዓመት የምንጠይቀው አንድ የራሳችን ማይክሮፎን፣ ረጅም ገመድና ደህና የጆሮ ማዳመጫ ነው። ያረጀ ጠጉራም ካፖርት ያላችሁ ወላጆችም በልጆቻችሁ በኩል ብትልኩልን፣ ክረምቱ አልፎ በጥቅምት ቀረጻ ስንጀምር እንጠቀምበታለን።