ለባቡር ሰዓትን ከኮከብ የቀዳ ኮሌጅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የከዋክብት መመልከቻ ለከተማችን ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ቅንጦት ነው ሲባል በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን በምድር ባቡር ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኖርዝፊልድ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ካርልተን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ። የሒሳብ መምህሩ ዊልያም ፔይን እ.ኤ.አ. በ1878 ያቋቋሙት መመልከቻ ለባቡር ኩባንያዎች ትክክለኛውን ሰዓት በቴሌግራፍ ያስተላልፍ ነበር። በዚያ ዘመን ከተሞች የየራሳቸውን የፀሐይ ሰዓት ይከተሉ ስለነበር፣ በነጠላ ሐዲድ ላይ ከሁለት አቅጣጫ ለሚመጡ ባቡሮች የጥቂት ደቂቃዎች መዛነፍ የሰው ሕይወት ያስከፍል ነበር፤ ይህን በጣቢያ ሥራ ላይ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ተመልካቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ባለው መሥመር ላይ ብቻ በሚንቀሳቀስ መነጽር ዐይኑን ተክሎ፣ የሰዓቱን ምት በጆሮው እየቆጠረ፣ ቦታዋ አስቀድሞ የታወቀች ኮከብ በመነጽሩ ውስጥ የተወጠሩትን ቀጫጭን ክሮች አንድ በአንድ ስታቋርጥ ይመዘግባል፤ ሰዓቱ ምን ያህል እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዛሬ ጉድሴል የሚባለው ሕንፃ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ 41 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ትልቁ መነጽር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አገልግሎቱ ቀደመ፣ ትልቁ መሣሪያ ተከተለ።

ድሬዳዋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች መተከላቸው ያስደስተኛል፤ የሳቢያንና የመጋላ ተማሪ ግን እዚያ ድረስ መሄድ አይችልም። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ የልጅ ልጄን ይዤ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ የሰሜን ኮከብን ከአድማስ አሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ አሳየዋለሁ፣ የኮከቧ ከፍታ ከተማችን ከምድር ወገብ ያላትን ርቀት እንደሚናገርም እነግረዋለሁ። እሱ ግን ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አባባ፣ ቀረብ አድርገን የምናየው የት ነው?»

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊዎች በትሕትና የምጠይቀው ጣሪያው የሚከፈት አንድ ክፍል፣ አንድ መካከለኛ ቴሌስኮፕና በወር አንድ ምሽት ለከተማው ልጆች የሚከፈት በር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ከድሬዳዋ