የቅዳሜ ማታው የእንቁራሪት ቆጠራ

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን ቅዳሜ ማታ ጣና ዳር እንቁራሪትና ጉርጥ በድምፃቸው እንቆጥራለን። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንገናኝ፤ 3 ሰዓት ላይ እናበቃለን። ዝናብ ቢጥልም አይቀርም፤ እንዲያውም ደህና አድርገው የሚጮኹት ያኔ ነው።

ባትሪ፣ ቦት ጫማ፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ አምና ጽሑፉ በዝናብ ታጥቦ ቀርቷል።

አንድ ነገር አደራ። ባሌ ወይም ስሜን ተራሮች የሄዳችሁበትን ጫማ ሳታጥቡ እንዳትመጡ። ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፣ በበረኪና እጠቡት፣ ክው እስኪል አድርቁት። እንቁራሪት የሚፈጀው ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ በእርጥብ ጭቃ ይጓዛል። እንቁራሪት ውኃ የሚያገኘው በቆዳው ነው፣ በከፊል የሚተነፍሰውም በዚያው። ፈንገሱ ቆዳውን ሲያበላሸው በመጨረሻ ልቡ ይቆማል። ቀዝቃዛ ቦታ ስለሚስማማው ተራራ ላይ ይብሳል፤ በአገራችን ደጋም ተገኝቷል። ባሌ ላይ ደግሞ ሌላ የትም የሌሉ ጉርጦች አሉ፤ ወደዚያ ስትሄዱም እንዲሁ አድርጉ።

ደንገሉ ውስጥ የሚገባ የለም። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ጀግንነት ይቅርብን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ትርፍ ባትሪ ያላችሁም ንገሩን።